አልጋዬ በሩ ላይ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሕንፃ መዋቅር ትምህርት ነበር። መምህሩ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን "እኔ በፎቶ ኮፒ ነው የማስተምረው" ብሎ ገላገለን። እንዲህ ያለ ወፍራም ደብተር ባዶውን ከሚቀር ለሐሜት ይዋል ብዬ ነው።

ከክፍላችን ልጀምር። የሴቶች ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው ቀጥሎ። አራት የብረት አልጋ፣ አራት ሎከር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ አምፖል፣ አንድ በር። በሩ እጀታ አለው፤ መቆለፊያ የለውም። መቆለፊያው ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው ኮሪደሩ ይታያል፤ ከኮሪደሩም እኛ እንታያለን ማለት ነው። ጥንዱ የጠፋበት ካልሲ ነበረኝ፣ ጠቀጠቅኩበት።

ልጆቹ ደስ ይላሉ። አንዷ የሕግ ተማሪ ናት፤ ጠበቃዋ እንላታለን፤ ሻይ ቀዝቅዞ ሲመጣባት እንኳ "ይግባኝ" ትላለች። ሁለተኛዋ ትንሿ ናት፤ በቁመት ሁላችንንም ትበልጣለች፣ ግን ገና አንደኛ ዓመት ስለሆነች ስሙ ጸናባት። ሦስተኛዋ እንቅልፎ ናት። ምን እንደምታጠና እስካሁን አላወቅንም፤ ነቅታ ስትገኝ እንጠይቃታለን። እኔ ሁለተኛ ዓመት፣ የሕንፃ ምህንድስና። ቅጽል ስም ገና አልወጣልኝም።

መስኮቱ አጠገብ ያለውን አልጋ ቀድሜ ያዝኩት። ከዛፍ ጫፍና ከሰማይ በቀር ምንም አይታይበትም። ይበቃኛል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ስለ መቆለፊያው የተማሪዎች መኖሪያ ቢሮ ሄደን አመለከትን። የቢሮው ሰውዬ በጣም ትሑት ነው። "እሺ እናቶቼ፣ ነገ" አለን። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ቢሮው ይዘጋል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

"ነገ" አለን፣ እንደገና። ጠበቃዋ "የትኛው ነገ?" ብላ ጠየቀችው። ሳቀ። እኛም ሳቅን። መቆለፊያ የለም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ትናንት ማታ ሰው ገባ። ከሕንፃው ጀርባ ያለው አጥር የተቀደደ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ልብስ ለማስጣት የምንሾልከው በዚያ ነው። በሩን ከፈተ፣ ላፕቶፕ አነሣ፣ ሄደ። ሦስት ልጆች ተኝተው ነበር፤ አንዷም አልነቃችም። ያወቁት ሲነጋ ነው።

ግቢው ሁሉ ስለ ላፕቶፑ ያወራል፤ ባለላፕቶፗ ልጅ ስንት ዓመት እንደሠራችበት፣ ምን ምን እንደነበረበት። እኔ የማስበው ግን ሌላ ነው፤ ላፕቶፑ ራስጌዋ ስር ነበር አሉ። ራስጌዋ ስር።

ይቅር። ዛሬ ልብስ አጠብኩ። አልደረቀም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዛሬ በየፎቁ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ "ተማሪዎች ለራሳችሁ ደኅንነት ማታ በራችሁን ቆልፉ።" ጠበቃዋ ማስታወቂያውን ጮክ ብላ አነበበችና ወደ ቀዳዳው ዞራ ካልሲውን "ሰማህ?" አለችው።

ማታ ጉባኤ ተቀመጥን። ትንሿ እጀታውን በገመድ ከሎከሩ ጋር እንሰረው አለች፤ አሰርነው፣ ስገፋው ገመዱም ሎከሩም አብረውኝ መጡ። ከእጅ አይሻል ዶማ። እንቅልፎ ነቅታ ነበር፤ አስተያየት የላትም። ትንሿ ከንፈሯን እየነከሰች በሩን በሩን ታያለች። ያኔ እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ አፌን ከፈትኩ።

"በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። የእኔን አልጋ አግድም እናስጠጋበት። ባዶ አልጋ ይንሸራተታል፤ እኔ ከተኛሁበት ግን ማንም አይገፋውም።"

"መስኮትሽስ?" አለች ጠበቃዋ።

"ዛፉ የትም አይሄድም" አልኩ።

አልጋዬን ጎትተን ወሰድነው። ተኛሁበት። ጠበቃዋ ኮሪደር ወጥታ በትከሻዋ ገፋች፣ ገፋች፣ "ኧረ ይቺ ልጅ ግንብ ናት!" ብላ ጮኸች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሜ ቁልፍ ሆነ። በሉ እንግዲህ፣ ቁልፍ ተኛች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

የቁልፍነት ሕግጋት ወጡ። ማታ ሁሉም ገብቶ ካልተሰበሰበ ቁልፍ አትተኛም። መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ሰው ከመተኛቱ በፊት ይሂድ፤ ሌሊት ቁልፍን የሚቀሰቅስ ለሦስት ቀን ክፍል ይጠርጋል። ጠዋት ቀድሞ ትምህርት ያለው ሰው ቁልፍን በትሕትና ያነሣል። ጠበቃዋ ናት ያረቀቀችው።

እኔም ለክፍሉ ደኅንነት ስል እራት መጨመር ጀምሬአለሁ። ክብደት ማለት ጥበቃ ነው። ካፌ ውስጥ ትንሿ የራሷን ዳቦ ወደ እኔ እየገፋች "ብዪ፣ ለሁላችንም ነው" አለችኝ።

እማዬ ደወለች። ስለ ምግብ ጠየቀች፣ ስለ ብርድ ጠየቀች፣ በመጨረሻ ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀች።

"በራችሁ ይቆለፋል?"

"ኧረ እንዴታ እማዬ!"

ውሸት አይደለም። ቁልፍ እኔ አይደለሁ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ትናንት ማታ ነፋስ ነበር። መብራት ካጠፋን በኋላ እጀታው ዞረ፣ በሩም ጀርባዬን ገፋ አደረገኝ። ቀስ ብሎ ነው። ከዚያ ተወ።

ነፋስ ነው። የድሮ ሕንፃ ነው፣ ነፋስ ይገባበታል።

ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። ትንሿ ብትሰማ ሻንጣዋን ይዛ ሀገሯ ትገባለች። ሆድ ይፍጀው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ነፋስ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ዛሬም ነፋስ። እግሬን ፊት ለፊት ባለው ሎከር ላይ ብተክል በሩ እንደሚጠነክር አወቅኩ። ትንፋሽ መያዝም ይረዳል፤ ምን እንደሚረዳ አላውቅም፣ ግን ይረዳል። ነፋሱ ሲሄድ ድምፁ አይሰማም። የሚራመድ ነገር ቢሆን ይሰማ ነበር። አይደል?

እሑድ፣ ኅዳር 1

ዝናዬ ወጣ። የጎረቤት ክፍል ልጆች ሊያዩኝ መጡ። የእነሱም በር እንደ እኛው ቀዳዳ ነው። ወረቀት አውጥቼ ሣልኩላቸው፤ በሩ፣ አልጋው፣ ኃይሉ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ፣ በቀስት። አልጋቸው ተደራራቢ ስለሆነ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ሎከር በሩ ላይ ግጥም አድርጋችሁ መጽሐፍ ሙሉበት አልኳቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ያሉትም ሰምተው መጡ። ከዚያ ከደረጃው ማዶ ያሉት መጡ። ማታ ማታ በኮሪደራችን ሎከር ሲጎተት የሚያሰማው ድምፅ ነጎድጓድ ነው። በዚህች ምድር ላይ የሠራሁት የመጀመሪያው የምህንድስና ሥራ ይህ ነው፤ እኮራለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

መዋቅር የምንማርበት አዳራሽ የተሠራው ለግማሻችን ነው። ስለዚህ ወንበር ያለው ሰው ወንበሩን ተሸክሞ ከክፍል ክፍል ይዞራል፣ መጸዳጃም ቢሄድ ይዞት ይሄዳል። እኔ የእኔን ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ደቂቃ ለቀቅኩት፤ አንዲት ደቂቃ በዚህ ግቢ ረጅም ናት። አሁን ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ነው የምማረው። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ በጠዋት ብርድ፣ በቀትር ፀሐይ። ቆሞ መተኛት የሚችለው ፈረስ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ አግድም የጣሪያ ወራጅ ሣለ፣ ሸክም ጫነበት፣ ወደ እኔ ጠቆመ።

"አንቺ ከኋላ ያለሽው። ይህ ሸክም መጨረሻው የት ነው?"

"አልጋዬ ላይ" አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለአንድ አፍታ እውነት የፈረሰ መስሎኝ ነበር፤ ጣሪያውን ላየ ሰው ግምቱ ሩቅ አይደለም። መምህሩ ግን አልሳቀም። ከክፍል በኋላ ጠራኝ።

"ታመሻል?"

"አይ፣ ደህና ነኝ።"

"ችግር አለ? ዶርም ላይ?"

"ኧረ ምንም የለም። ትምህርቱ በዝቶብኝ ነው።"

ሰውዬው ሊሰማኝ ቆሞ ነበር። ቦርሳውን ሁሉ መሬት አስቀምጦ። ምን ነበር ብነግረው? ሞኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ነፋስ። ሁለቴ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

መኖሪያ ቢሮ ለመቶኛ ጊዜ። አሁን ሰውዬው መልስ ለወጠ፦ "የእናንተ ክፍል ተጣርቷል።"

"ማን አጣራው? መቼ?" አለች ጠበቃዋ።

"መዝገቡ ተጣርቷል ነው የሚለው። መጀመሪያ የባሰባቸው ይቅደሙ።"

እንደ ሻይ አጣሩን እንግዲህ። ጠበቃዋ እስከ ካፌው ድረስ ተሳደበች፤ በሕግ ቋንቋ ስለሆነ ያማረ ነው። እኔ አልሰማኋትም። ስሄድ እግሬ መሬቱን በደንብ አያገኘውም። ጫማዬ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ተለጠፈ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ሁለተኛው ፈተና ላይ ካላካካስኩ ከትምህርት ክፍሉ ያስወጡኛል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው፣ ለማንም አይራራም። አራት ዓመት ሙሉ ሕንፃ እሠራለሁ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ!

እማዬ ደወለች። ፈተናው? "ጥሩ ነው።" ምግቡ? "ጥሩ ነው።" በሩ? "ይቆለፋል።" ድምፅሽ ምነው አለች። "መስመሩ ነው" አልኳት።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ሳልሸሽግ ልጻፈው፣ ደብተር አይናገርም። ነፋስ ካልሲ አያወጣም። ዛሬ ጠዋት ካልሲው ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት።

ራሱ ወድቆ ይሆናል። መልሼ ጠቀጠቅኩት። ትንሿ "ምን እያደረግሽ ነው?" አለችኝ፤ "ቤት እያስዋብኩ" አልኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ቀን ልተኛ ሞከርኩ። ቀን ግን ሎከር የሚከፍት፣ ዘፈን የሚከፍት፣ ወሬ የሚከፍት አይጠፋም። እንቅልፎ ብቻ ትተኛለች። ተኝታ ሳያት መጀመሪያ ቀናሁባት፤ ቀጥሎ ልቤ ለሰለሰ። እንዲህ አፏን ከፍታ የምትተኛው እኮ እኔ እዚያ ስላለሁ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ይህን የምጽፈው ከግቢው ክሊኒክ ነው። አትደናገጪ ብዬ ለራሴ እየጻፍኩ ነው።

ትናንት አዳራሽ ውስጥ ግድግዳዬን ተደግፌ ቆሜ ሳለሁ ወለሉ ወደ እኔ መጣ። እኔ አልሄድኩም፣ እሱ ነው የመጣው። አንድ ወንበር የተሸከመ ልጅ ላይ ወደቅኩ፤ ግንባሬ ተላጠ፣ ወንበሩ ተሰበረ። ባለወንበሩ ከእኔ በላይ አለቀሰ አሉኝ።

ነርሷ ደሜን ለካች፣ ዐይኔን ገለጠች። "ለመሆኑ ማታ ትተኛለሽ?" አለችኝ።

"እተኛለሁ።"

"እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ ነው ያልኩሽ።"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። "እዚህ ትቆያለሽ" አለች። እኔ ግን ልጆቹ! "በሩስ? ማታ በሩስ?" እያልኩ ተነሣሁ፤ ጠበቃዋ ትከሻዬን ይዛ አስተኛችኝ። "አልጋሽን እናስጠጋበታለን፤ አንድ ቀን ነው፣ ምን ይመጣል?" አለች። ባዶ አልጋ እንደሚንሸራተት ልነግራት አፌን ስከፍት እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

የክሊኒኩ በር ቁልፍ አለው። ነርሷ ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ስትከት አይቻለሁ። ሌላ ያየሁት ነገር የለም፤ እስኪነጋ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ጉድ ፈላ! ጉድ! ጽሕፈቴ ተበላሽቷል፤ እየሳቅኩ ነው፣ እየሳቅኩ ብቻም አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ጠበቃዋ ክሊኒክ መጣች። ከኋላዋ አንዲት የማላውቃቸው ሴትዮ ተከተሉ፤ በእማዬ ዕድሜ ናቸው፤ ግንባራቸው ላይ እብጠት፣ እግራቸው ላይ ጨርቅ ነጠላ ጫማ። እብጠታችን አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ማታ ባዶ አልጋዬን በሩ ላይ አስጠግተው ተኙ። መብራት ከጠፋ በኋላ እጀታው ዞረ፣ በሩ ተገፋ፣ አልጋው እየተንሸራተተ ሄደ፤ ሰው ብቅ አለ። ትንሿ ጮኸች። እንቅልፎ ነቃች፤ ተአምሩ ይህ ነው። ጠበቃዋ ራስጌዋ ያለውን ወፍራም የሕግ መጽሐፍ አንስታ የገባውን ሰው ግንባሩን አለችው።

የገባው ሰው አዲሷ የሕንፃችን የማታ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯ ናቸው።

"ከስርቆቱ በኋላ ነው የቀጠሩኝ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው። "'መብራት ሲጠፋ በሮቹን ሁሉ እየሞከርሽ የሚከፈተውን ንገሪን፤ መቆለፊያ የምናስገባው ለሚከፈተው ነው' አሉኝ። እናንተ እንዳትነቁብኝ ብዬ ይህቺን ጨርቅ ጫማ አደረግኩ። የእናንተን በር ስገፋው እንደ ግንብ ነው። 'እነዚህስ ደህና ናቸው' እያልኩ አልፋለሁ። አንድ ቀንማ ተጠራጥሬ በቀዳዳው ለማየት ሞክሬ ነበር፤ ጨርቅ ነገር ወደቀ፣ ፈርቼ ሄድኩ።"

ጨርቅ ነገር። ካልሲዬ።

"ቆይ ግን" አሉ፣ "ያን ሁሉ ማታ ስገፋው፣ ምነው አንድ ሰው 'ማን ነው?' አይለኝም?"

ጠበቃዋ ወደ እኔ ዞረች። "ያን ሁሉ ማታ?" አለችኝ። "አንቺ! ያን ሁሉ ማታ እየተገፋሽ ነበር?"

"ነፋስ መስሎኝ" አልኩ።

ጠበቃዋ አቀፈችኝ፤ ግንባሬን ረስታው አሳመመችኝ።

እኔ በሩን ያዝኩ ብዬ ነበር። ይዤው የኖርኩት መቆለፊያው እንዳይመጣ ነው። ልጆቹን ላላስፈራ ብዬ ዝም ባልል፣ ወይም አንድ ቀን ብቻ ጮክ ብዬ "ማን ነው?" ብል ኖሮ በጥቅምት ያለቀ ነገር ነበር። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው በዚህ ሕንፃ አላደረም።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

መቆለፊያ ገባ! የጥገናው ሰውዬ መጥቶ፣ ካልሲዬን በሁለት ጣቱ ይዞ "ይሄ የማን ነው?" ብሎ፣ የሻይ ሰዓቱ ሳይደርስ ጨርሶ ሄደ። ይህን ያህል ነው የሚፈጀው።

ከክሊኒክ ስመለስ አልጋዬን መስኮቱ ሥር አገኘሁት። አንጥፈውታል። ቁልፉን ትራሱ ላይ አስቀምጠውልኛል። ትንሿ "ስምሽ ግን አይቀየርም" አለችኝ።

መምህሩ ሁለተኛውን ፈተና በሚቀጥለው ሳምንት ለብቻዬ እፈትንሻለሁ አለኝ። የዶርሙን ነገር በዚህ ጊዜ ሳይጠይቀኝ ነገርኩት። ወንበርም አመጣልኝ፤ የራሱን።

እማዬ ደወለች።

"በራችሁ ይቆለፋል?"

"ይቆለፋል እማዬ!"

"ሁልጊዜ ይቆለፋል ትዪኝ የለ እንዴ? ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተገኝቶ ነው የምትጮሂው?"

እማዬ እንዲህ ስትጠይቅ ታውቃለች ማለት ነው። "ፈተናሽን ጨርሺና ነይ፣ ትነግሪኛለሽ" አለችኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 29

ዛሬ ማታ የሆነውን ሳልጽፍ አልተኛም፤ ደግሞ ዛሬ እንቅልፍ አለኝ።

መብራት ጠፋ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዙሬ መስኮቴ ሥር ተጋደምኩ። ዛፉ አለ፣ ሰማዩ አለ። ትንሽ ቆይቶ እጀታው ዞረ። እግሬ እንደ ልማዱ ሎከር ፈለገ። አፌን ግን ከፈትኩ።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ የኔ ልጅ" አሉ ፕሮክተሯ ከውጭ። "ተኙ፣ ተኙ።"

እንቅልፎ ሳትነቃ ሳቀች። እኔም ዐይኔን ልጨፍን ስል የጎረቤቶቻችን በር ሲገፋ ሰማሁ። ከዚያም የሴትዮዋ ድምፅ፣ ለራሳቸው፦ "እነዚህስ ደህና ናቸው።" ቀጥለው ወደሚቀጥለው በር። "እነዚህም ደህና ናቸው።"

ከአልጋዬ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። በወረቀት ላይ ሥዬ፣ በቀስት አሳይቼ፣ ኮሪደሩን ሙሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ! ቁልፉን አዙሬ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ፕሮክተሯ ባትሪያቸውን ፊቴ ላይ አበሩ።

"እትዬ፣ ደህና አይደሉም" አልኳቸው። "አንዱም ክፍል ደህና አይደለም። ሎከር ነው።"

ነገሩ ሲገባቸው ግንባራቸውን ያዙ።

የጎረቤቶቻችንን በር አንኳኳሁ። ውስጥ ጸጥ አለ። ምንም የለም፣ ትንፋሽ እንኳ የለም። እንዲህ ያለውን ጸጥታ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። አራት ሰው ጨለማ ውስጥ እግሩን ግድግዳ ላይ ተክሎ ትንፋሹን ይዟል፤ ሁሉም ለየራሱ ነፋስ ነው እያለ ነው፣ ማንም ለማንም አይነግርም።

አፌን ወደ ቀዳዳው አስጠጋሁ።

"ነፋስ አይደለም" አልኩ። "እኔ ነኝ፣ ቁልፍ። ተሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ። አትፍሩ፣ ሎከሩን አንሡት።"

ከዚያ በቀጭን ድምፅ አንዲት ልጅ "አንቺም ይሰማሽ ነበር?" አለችኝ።

"በየማታው" አልኳት።

ሎከሩ መጎተት ጀመረ።